በ2 ሴንቲ ሜትር ሣር የጠፋች ቢራቢሮ

አንድን ፍጡር በጣም ትወዱታላችሁ እንበል። እንዳይጠፋ ትሳሱለታላችሁ። መኖሪያውን ታጥራላችሁ፣ ሰው እንዳይረግጠው፣ ከብት እንዳይገባበት ዘበኛ ትሆናላችሁ። ከዚያ በየዓመቱ ስትመጡ ቁጥሩ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና አንድ ዓመት ላይ ጭራሽ የለም። እንግሊዝ ውስጥ በአንዲት ቢራቢሮ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሳነብ በጣም ነው የደነቀኝ፣ ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳችሁ።

ቢራቢሮዋን እንግሊዞች ላርጅ ብሉ ይሏታል፣ ትልቋ ሰማያዊ እንደ ማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ፌንጋሪስ አሪዮን ነው። ትልቋ የተባለችው እዚያው አገር ካሉት ሰማያዊ ዘመዶቿ ጋር ስትተያይ ነው እንጂ ክንፏን ዘርግታ እንኳ ርዝመቷ አንድ የክብሪት እንጨት ቢያህል ነው። መደቧ ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ይላል፣ የፊት ክንፎቿ ላይ ደግሞ የቀለም ጠብታ የወደቀባቸው የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ቢራቢሮ ሆና በክንፍ የምትቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ከሞላት ዕድለኛ ናት። የቀረውን ዕድሜዋን፣ ማለትም አሥራ አንድ ወር ገደማ፣ ማንም አያያትም። ምስጢሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ሴቷ እየዞረች የዱር ጦስኝ ትፈልጋለች። አዎ፣ ጦስኝ። እኛ ሻይ የምናፈላበት ጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የኛው በደጋው ላይ የሚበቅል የራሳችን ዝርያ ሲሆን የእነሱም እንደዚሁ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያድግ፣ ትናንሽ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ነው። ቢራቢሮዋ ገና ባልፈነዳው እምቡጥ መሃል አንድ እንቁላል ሻጥ አድርጋ ትሄዳለች። የሚፈለፈለው ትል አበባውን እየበላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም ቢራቢሮ የተለየ ነገር የለውም።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ትሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ቁልቁል ይወድቃል። ርዝመቱ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጦስኙ ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚጠብቀው ጉንዳን ነው። አመሻሽ መምረጡም በከንቱ አይደለም፣ እሱ የሚፈልጋቸው ቀያይ ጉንዳኖች ምግብ ፍለጋ በብዛት የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው።

አንዷ ጉንዳን ትደርስበታለች። በአንቴናዋ ትዳስሰዋለች። ትሉ ጀርባው ላይ ካለች ትንሽ ዕጢ ማር የመሰለ ጠብታ ያወጣላታል። ትልሳለች። ደግሞ ያወጣላታል፣ ደግማ ትልሳለች። ይህ ነገር አንዳንዴ ለሰዓታት ይቀጥላል። በመጨረሻ ትሉ አንድ ለየት ያለ ነገር ያደርጋል፤ ከራሱ በስተኋላ ያለውን የአካሉን ክፍል ነፋ አድርጎ ቀና ይላል። ቅርጹም፣ ገላው ላይ ያለው ሽታም የጉንዳን እጭ ይመስላል። ጉንዳኗ የራሷ ቤት ልጅ ከጎጆው ወጥቶ የጠፋ ይመስላታል። በመንጋጋዋ ቀስ አድርጋ ታነሳውና ይዛው ወደ ጉድጓዷ ትገባለች፣ እጮቹ ካሉበት ክፍል ወስዳ ታስቀምጠዋለች።

ትሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አበባ የሚባል ነገር አይቀምስም። የሚበላው የጉንዳኖቹን ልጆች ነው። አሥር ወር ገደማ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ በብርዱ ወራት እየተኛ፣ ሲሞቅ እየበላ ያድጋል። ሲገባ ኢምንት ነበር፤ ከመጨረሻ ክብደቱ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያገኘው ከጉንዳን ቤት ነው። ከዚያ እዚያው ጎጆ ውስጥ ቆዳውን ቀይሮ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበትን እንቅልፍ ይተኛል። የሚገርመው በዚህ ጊዜም ጉንዳኖቹ ይንከባከቡታል። በቅርብ ዘመዷ ላይ የተሠራና በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያቺኛዋ በዚህ ደረጃ ላይ ሆና የጉንዳኖቹን ንግሥት ድምፅ የሚመስል ድምፅ ታሰማለች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሠራተኞቹ እንደ ንግሥት ያዩዋታል ማለት ነው። በመጨረሻ በሰኔ አንድ ጠዋት ላይ ቢራቢሮዋ እርጥብ ክንፏን እንዳጣጠፈች ከጉድጓዱ ተስባ ትወጣለች፣ አንድ የሣር ዘለላ ላይ ትወጣና ክንፏ እስኪዘረጋ ትጠብቃለች።

ይህን ሁሉ ሰው ያወቀው በአንድ ቀን አይደለም። ቢራቢሮዋ እንግሊዝ ውስጥ መኖሯ የተመዘገበው በ1795 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ትሉ ከአበባው ከወረደ በኋላ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም ነበር። ቤት ወስደው አበባ እየመገቡ ለማሳደግ ይሞክራሉ፣ ትሉ መብላት ያቆምና ይሞታል። በ1915 ቻፕማን የተባለ ተመራማሪ አንድ ጦስኝ ነቅሎ ከሥሩ ካለው የጉንዳን ቤት ትሉን አገኘው። ሆዱ ውስጥ ያለውን በማጉያ መሣሪያ ሲያየው የጉንዳን እጭ ርዝራዥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ፍሮሃውክ የተባለ የቢራቢሮ ሠዓሊና ተመራማሪ ከካፒቴን ፑሪፎይ ጋር ሆኖ ዑደቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታተለው። ፑሪፎይ የተጠቀመበትን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። የዋልነት ቅርፊት ለሁለት ከፍሎ፣ በግማሹ ውስጥ ጉንዳኖችንና እጮቻቸውን ከትሉ ጋር ያስቀምጥ ነበር፣ ሲፈልግ ቅርፊቱን ብድግ አድርጎ ያያል። ውድ መሣሪያ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም። አንድ ቅርፊትና ብዙ ትዕግሥት።

እንግዲህ ጉንዳን እንደሚያስፈልጋት በ1910ዎቹ ታውቋል። ታዲያ ለምን ጠፋች?

የሁሉም ጣት የተቀሰረው በሰብሳቢዎች ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ቢራቢሮ እያጠመዱ በስፒል ሳጥን ላይ መሰካት ትልቅ ፋሽን ነው፣ ይህቺ ደግሞ ብርቅ ስለሆነች ዋጋዋ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ መፍትሔው ግልጽ መሰለ፤ ቦታውን ማጠር። በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አንዱ መኖሪያዋ ሰብሳቢ እንዳይገባበት ታጠረ። አጥሩ ሰብሳቢዎቹን ከለከለ። ከሰብሳቢዎቹ ጋር ግን በጎቹንና ከብቶቹንም ከለከለ። ሣሩ አደገ። ጦስኙ በሣሩ ተዋጠ። ቢራቢሮዋም ጠፋች። ሰዎቹ ክፋት አልነበራቸውም፣ ከልባቸው ይወዷት ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ሐኪም በግቢው ያስቸገሩትን ጥንቸሎች ለመጨረስ ብሎ የጥንቸል ገዳይ ቫይረስ ለቀቀ። ቫይረሱ ግቢውን ጥሶ ወጣ፣ አውሮፓን አዳረሰ፣ በ1953 እንግሊዝ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የአገሪቱ ጥንቸል ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የዱር ጥንቸል ቁልቁለቱን ሁሉ እየጋጠ ሣሩን እንደ ተላጨ ጭንቅላት ያደርገው ነበር። ጥንቸሉ ሲያልቅ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደረሰ። በዚያው ዘመን ገበሬዎቹም ቢሆኑ ገደላማው መሬት አያዋጣም ብለው ከብቶቻቸውን ወደ ሜዳው አውርደው ነበር። ለማያውቅ ሰው ቦታው ሲታይ እንዲያውም አምሮበታል። አረንጓዴ ነው፣ ጦስኙ እዚህም እዚያም አለ፣ ጉንዳንም ሞልቷል። ቢራቢሮዋ ግን ከየቦታው እየጠፋች ነው።

በ1972 ጄረሚ ቶማስ የተባለ ወጣት ሳይንቲስት የቀሩትን ጥቂቶች እንዲያጠና ተላከ። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም። በጋውን ሙሉ እዚያው ሜዳ ላይ ተቀመጠና ቆጠረ። ስንት እንቁላል ተጣለ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ትል ወረደ፣ ስንቱ ጉንዳን ቤት ገባ፣ ከገባው ስንቱ ተርፎ ወጣ። እንዲህ በየደረጃው ሲቆጥር ኪሳራው የት እንዳለ ታየው። ችግሩ አበባው ላይ አልነበረም። ትሎቹ የሚያልቁት ጉንዳን ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

ጉንዳኖቹን ጠጋ ብሎ ሲያይ ደግሞ አንድ አይነት እንዳልሆኑ ተረዳ። ለዓይን መንታ የሚመስሉ ቀያይ ጉንዳኖች ናቸው፣ ሁሉም ትሉን አንስተው ወደ ቤታቸው ያስገቡታል። ትሉ በደህና የሚያድገው ግን በአንዷ ዝርያ ቤት ብቻ ነው፣ ሚርሚካ ሳቡሌቲ በምትባለው። በሌሎቹ ቤት ሽታው አልመሳሰል ይላል፣ በተለይ ምግብ ሲጎድል ባዳ መሆኑ ይታወቅበትና ይገድሉታል። እንግዲህ ለስልሳ ዓመት ያህል «ጉንዳን ያስፈልጋታል» ሲባል የነበረው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የትኛው ጉንዳን? ጥያቄው እሱ ነበር።

ይህቺ ሳቡሌቲ ሙቀት ወዳድ ናት። እንግሊዝ ደግሞ እንደምታውቁት ሙቅ አገር አይደለም። ጎጆዋ የሚሞቀው ፀሐይ በቀጥታ አፈሩን ስታገኘው ብቻ ነው፣ ፀሐይ አፈሩን የምታገኘው ደግሞ ቁልቁለቱ ወደ ደቡብ ሲዞርና ሣሩ አጥሮ ሲጋጥ ነው። ሣሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ካላለፈ ሳቡሌቲ ቤቷን ትሠራለች። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን አፈሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም፣ እጃችንን መሬት ላይ ብናሳርፍ ልዩነቱን አንለየውም። ለሳቡሌቲ ግን ቤት ለቆ የመሄድ ጉዳይ ነው። እሷ ስትለቅ ብርድ የምትችለው ዘመዷ ትገባበታለች። ያቺ ዘመዷም ትሉን ታነሳዋለች፣ ቤቷ ታስገባዋለች፣ እዚያው ይሞታል።

አሁን ሰንሰለቱን ከኋላ ወደፊት ተመልከቱት። ጥንቸል የለም፣ ስለዚህ ሣሩ ረዘመ። ሣሩ ስለረዘመ አፈሩ ቀዘቀዘ። አፈሩ ስለቀዘቀዘ አንዷ ጉንዳን ሄዳ ሌላዋ መጣች። ጉንዳኗ ስለተቀየረች ቢራቢሮዋ አለቀች። ሜዳው ላይ ቆሞ በዓይኑ ለሚያይ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታየውም፤ ሣር አለ፣ ጦስኝ አለ፣ ቀይ ጉንዳን አለ።

ቶማስ መልሱን ሲያገኝ ጊዜው አልፏል። በ1975 እና በ1976 ከባድ ድርቅ ሆነ፣ የቀሩትን ጥቂቶች ክፉኛ መታቸው። በዴቨን የነበሩት የመጨረሻዎቹ በቁጥር እፍኝ የማይሞሉ ሆኑ። በ1979 ቢራቢሮዋ ከእንግሊዝ ጠፍታለች ተባለ። አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ የአንድን በሽታ መድኃኒት ፈልጎ ባገኘ ማግስት በሽተኛው ሲሞትበት ምን ይሰማዋል?

እሱ ግን አልተወውም። በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ዝርያዋ አለች። ስለዚህ ሥራው ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ቢራቢሮ ማምጣት ሳይሆን መጀመሪያ ሣሩን ማሳጠር። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ላሞችና የዱር ፈረስ የሚመስሉ ትናንሽ ፈረሶች ወደ ቁልቁለቱ ተመለሱ። ሳቡሌቲ ተመልሳ እስክትበዛ ተጠበቀ። ከዚያ በ1983 ከስዊድን፣ ኧላንድ ከምትባለው ደሴት፣ ትሎች መጡ። አመጣጡን አስቡት። ትሎቹ በጦስኝ አበባ ላይ አድገው፣ ልክ የሚወርዱበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ፣ አመሻሽ ላይ ሰዎች ተንበርክከው አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ ጦስኙ ሥር ያስቀምጧቸዋል። ቀሪውን ጉንዳኖቹ ይሠሩታል። ቶማስና የሥራ ባልደረባው ዴቪድ ሲምኮክስ ይህን ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል፣ ውጤቱንም በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡት።

ዛሬ በሶመርሴት ኮላርድ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ በሰኔ መጨረሻ ብትሄዱ በዓይናችሁ ታዩዋታላችሁ። በግሎስተርሸር ያለው ሮድቦሮ ኮመን ደግሞ ለ150 ዓመት አላያትም ነበር። በ2019 እዚያ 1,100 ትሎች ተለቀቁ፣ በሚቀጥለው በጋ 750 ገደማ ቢራቢሮዎች ወጡ። በ2022 በእንግሊዝ በጠቅላላ ወደ 20,000 የሚጠጉ ቢራቢሮዎች እንደወጡ ተገምቷል። ከዜሮ ተነስቶ ነው ይህ።

ሥራው ግን አልቆ የተዘጋ አይደለም፣ በየዓመቱ ነው። ከብት ከበዛ ጦስኙ ገና ሳያብብ ይጋጣል፣ ካነሰ ሣሩ ይረዝማል። ስለዚህ መቼ እንደሚገቡ፣ ስንት እንደሚሆኑ፣ መቼ እንደሚወጡ ይሰላል፤ እንቁላሉ አበባ ላይ ባለበት ጊዜ ከብቶቹ ዞር እንዲሉ ይደረጋል። ጦስኝና ጉንዳን ደግሞ መራራቅ የለባቸውም። ትሉ ከወደቀበት ብዙ አይራመድም፣ ጉንዳኗም ከቤቷ ጥቂት ሜትር ነው የምትርቀው። በአንድ ጎጆ ብዙ ትል ከገባም እጩ አልቆ ሁሉም ይራባሉ። ከብት አርቢ የሆነ አንባቢ ካለ ይህን ከኔ በተሻለ ይገባዋል ብዬ እገምታለሁ፣ ግጦሽ መምራት በልኩ ካልሆነ በሁለቱም በኩል ያበላሻል።

የሣር ሜዳ ነገር ሰፊ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ከ1930ዎቹ ወዲህ አበባ የሞላባቸውን የድሮ ሜዳዎቻቸውን 97 በመቶ አጥተዋል፤ ታርሰዋል፣ ማዳበሪያ ተነስንሶባቸው አንድ ወጥ ሣር ሆነዋል፣ ወይም ጦም አድረው ጫካ በልቷቸዋል። በ19 የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ቆጠራ የሣር ሜዳ ቢራቢሮዎች ከ1990 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ወደ ግማሽ ወርደዋል። ሰው ደን ሲጨፈጨፍ ያያል፣ ይጮኻል። ሜዳ ሲጠፋ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቀር ማንም ልብ አይለውም።

ሰማያዊዎቹ ትናንሽ ቢራቢሮዎች እኛም አገር አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ማገጥ የሞላበት መስክ ላይ ቁጭ በሉና እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ግራጫ የሚመስሉ ነገሮች ብድግ ብለው ሲበሩ ሰማያዊ ሆነው ታዩአቸዋላችሁ። አንዷ ዝርያ ባቄላና አተር ወዳድ ናት፣ እንቁላሏን አበባው ላይ ትጥላለች፣ ትሏ ወደ እሸቱ ይገባል። የዚህ ቤተሰብ አብዛኞቹ ትሎች በሆነ መንገድ ከጉንዳን ጋር ይወዳጃሉ፤ ብዙዎቹ ጣፋጩን ጠብታ እየሰጡ ከጠላት ጥበቃ ያገኛሉ እንጂ እንደ ትልቋ ሰማያዊ ቤት ገብተው ልጅ አይበሉም። ይህ የእሷና የጥቂት ዘመዶቿ ባህርይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ለኔ ከሁሉም የበለጠ የገረመኝ ነው። ሴቷ ቢራቢሮ ከስንት ሺህ አበባ መሃል የትኛው ሥር ትክክለኛው የጉንዳን ቤት እንዳለ በምን ታውቃለች? በ2015 የወጣ ጥናት ይህንን በኦሬጋኖ ላይ ፈተሸው፣ ከጦስኝ ሌላ እንቁላሏን የምትጥልበት ተክል ነው። ጉንዳኖች ሥሩ ላይ ቤት ሲሠሩ ተክሉ ይረበሻል፣ ራሱን ለመከላከል ካርቫክሮል የተባለ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር በብዛት ያመነጫል። ሽታው ሌሎች ጉንዳኖችን ያባርራል። ሚርሚካዎቹ ግን ይችሉታል፣ ስለዚህ እዚያው ይቆያሉ። ቢራቢሮዋ ይህንኑ ሽታ ተከትላ ትመጣና እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች።

ካርቫክሮል በኛ ጦስኝ ዘይት ውስጥም አለ። ሻዩ ሲፈላ ክዳኑን ስትከፍቱት አፍንጫችሁን ከሚመታው ነገር አንዱ እሱ ነው።